ሰፊ ቅጠል

በየዓመቱ ነሐሴ ሲጋመስ ይታይሽ ከጎረቤቶቿ ጋር ጭቃው ላይ ተንበርክካ የስንዴ ማሳዋን ታርም ነበር፤ መጭ የሚሉትን አረም ከሥሩ እየነቀለች፣ አፈሩን እያራገፈች፣ ወሬውን እየሰለቀች። ዘንድሮ ግን ባሏ አያናው ከገበያ ምልክት የሌለው ጀሪካን ተሸክሞ መጣ።

«ፀረ አረም ነው» አላት። «ወገብሽ ይረፍ።»

«ስንዴውንስ?»

«አይነካውም። እየመረጠ ነው የሚገድለው፤ ሰፊ ቅጠል ያለውን ብቻ።»

እሷ ውሃ እየቀዳች አቀበለችው፣ እሱ እየበጠበጠ መርጫውን ሞልቶ በጀርባው አዘለ። ክዳኑ ጥብቅ ብሎ ስለማይገጥም ነጣ ያለው ፈሳሽ በትከሻው እየወረደ ሸሚዙን አራሰው። ረጭቶ ሲጨርስ ልብሱን አውልቆ ሰጣት፤ እሷም እጇን እስከ ክርኗ ነክራ አሽታ አጠበችው፤ የተፈናጠቀባትንም በእርጥብ እጇ ከፊቷና ከአንገቷ ላይ ጠረገችው።

በሦስተኛው ቀን ማሳውን ልታይ ወረደች። ስንዴው ምንም እንዳልደረሰበት ቀጥ ብሎ ቆሟል። በመሃሉ የበቀለው መጭ ግን እንደጠበቀችው አልደረቀም፤ አንገቱ ወደ ኋላ ተጠማዞ፣ ግንዱ አብጦና ተልጦ፣ ከስንጥቁ እንደ መግል የወፈረ ነገር እያዠ በሕይወት ነበር። አንዱን ልትነቅል ስትይዘው ጣቷ ሰመጠ፤ ውስጡ ልስልስና ለብ ያለ ነው፣ እንደ ሥጋ። ደንግጣ እጇን በቀሚሷ ደጋግማ ጠረገች። ሽታው ግን አልለቀቃትም፤ የሻገተ ቅቤና የረጠበ የበግ ፀጉር፣ ከሥሩም ጣፈጥ የሚል የመድኃኒት ክርፋት።

ከዚያ ወዲህ ሽታው ቤት ገባ።

«አንተ፣ ገላህን አልታጠብክም እንዴ? ቤቱን እኮ አገማኸው!» አለችው። አያናው ወንዝ ወርዶ፣ ቆዳው እስኪቀላ ታጥቦ መጣ፤ ሽታው ባሰበት እንጂ አልቀነሰም። በዚያው ሰሞን መኝታውን ወደ በሩ አጠገብ አዛወረ። ይታይሽ እፎይ አለች፤ አሥራ ሁለት ዓመት አብራው የኖረችውን ሰው እንዲህ በመጸየፏ ደግሞ በራሷ አፈረች።

ቤቱን ጠረገች፣ ወለሉን በእበት ለቀለቀች፤ ትኩሱ የእበት ሽታ እንኳ ለቅጽበት እንደ ሽቶ ጣማት። የወተቱን ቅል አጠነችው፤ ወተቱ ግን አፏ ሲገባ ያው ነው። የስድስት ዓመት ልጇ ፍሬሰንበት፣ እናቷ ካላቀፈቻት እንቅልፍ የማይወስዳት የነበረችው፣ ከአያቷ ከእማማ ደጊቱ ጋር መተኛት ጀመረች።

«የገማው አባትሽ፣ እኔን ለምን ትሸሺኛለሽ?» ብትላት ልጅቷ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ መሬት መሬቱን አየች።

የቤቱ ምሰሶም ወደ ግራ የዘመመ መሰላት። ክረምቱ መሬቱን አላልቶት ይሆናል ብላ ለአያናው ነገረችው። ምሰሶውን ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ «እሺ፣ አየዋለሁ» አላት፤ አነጋገሩ በሽተኛ እንደሚያባብል ሰው ነበር። በማግስቱ የበሩ መቃን ዘመመ። ከዚያ የጓሮው ባሕር ዛፍ።

ጋደም ባለች ቁጥር ደግሞ አንድ ድምፅ ትሰማለች፤ እርጥብ አገዳ ቀስ እያለ ሲሰነጠቅ የሚያሰማው ዓይነት፣ ከጆሮዋ ሥር፣ እዚያው ትራሷ ላይ። ስትነሳ የተኛችበት ቁርበት በሚያጣብቅ እርጥበት ተነክሯል። አያናው ቁርበቱን ከተወው ሳምንት አልፎታል፤ እሷ ግን እሱን እየረገመች በአመድ ፈተገችው።

ጎረቤቷ ሙሉዓለም ልትጠይቃት መጥታ ከአጥሩ አላለፈችም። በነጠላዋ አፍንጫዋን ሸፍና እዚያው ቆመች።

«ይቅርታ የኔ እህት» አለቻት ይታይሽ ተሸማቃ። «ይህ ሰውዬ ቤቴን አገማብኝ፤ ግቢ አልልሽ ነገር።»

ሙሉዓለም ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ አለቀሰች፤ ከዚያ ዞራ ፈጥና ሄደች።

በማግስቱ ቀትር ላይ ሽታው ጉሮሮዋ ድረስ ሞላ። ይታይሽ ግድግዳውን ይዛ አስመለሳት፤ የወጣው ወፍራምና ነጣ ያለ ነበር። አጥብቃ አላየችውም። ያን ጊዜ ከውጭ የሳህን ድምፅና የልጇን ሳቅ ሰማች። እሷን ሳይጠሩ ምሳ ቀርበዋል። ንዴቷ እንደ እሳት ተቀጣጠለ፤ ዛሬስ ሁሉንም አሰልፋ ወንዝ ታወርዳቸዋለች።

እግሯ እየተጎተተ ወደ ደጅ ወጣች። ሦስቱ ከብሳናው ሥር ተቀምጠዋል፤ ዛፉም፣ ሰዎቹም፣ መሬቱም አንድ ላይ ወደ ግራ ዘመዋል። ልብሳቸው ንጹሕ ነው፣ ፊታቸው ወዛም ነው። «ተነሱ! ታጠቡ!» ብላ ልትጮህ አፏን ስትከፍት የወጣው ግን ድምፅ ሳይሆን አገጯን እያራሰ ወደ ጀርባዋ የወረደ ለብ ያለ ነገር ነበር።

የፍሬሰንበት ሳቅ ተቋረጠ። አያናው ቀስ ብሎ የልጅቷን ዓይን በመዳፉ ሸፈነ፤ እማማ ደጊቱም ጉርሻቸውን እንደያዙ «አንገቷ እንዲህ ወደ ኋላ ተጠማዞ እንዴት ትራመዳለች?» ብለው አንሾካሾኩ።