ዝናብ የማያገኘው ስፒና

ፓክ ዋርሲቶ የሞተው ሬዲዮው ፊት ተቀምጦ ነው። የጆሮ ማዳመጫው አንገቱ ላይ ወርዷል። ቀኝ እጁ ራሱ በሠራው የሞገድ ማጉያ የብረት ሳጥን ላይ፣ ግራ ክርኑ ደግሞ ኃይል በሚሰጠው ሁለተኛው ሳጥን ላይ አርፏል። ሚስቱ ቡ ሱንደሪ ሻይ ይዛ ስትገባ አየችውና፣ ከመጮኋ በፊት ዋናውን ማብሪያ አጠፋች። ከሬዲዮኛ ጋር ያረጀች ሴት ናት፤ ሮጣ ብታቅፈው ኖሮ ከዚያ ቤት ሁለት ሬሳ ይወጣ ነበር።

በኢንዶኔዥያዋ ማላንግ ትልቅ ወንድ ‹ፓክ›፣ ትልቅ ሴት ‹ቡ› ይባላሉ፤ የከተማዋ ሬዲዮኞች ደግሞ በየማለዳው በአየር ላይ ይጠራራሉ። ጠሪው የማኅበራቸው ሊቀ መንበር ዋርሲቶ ነበር። ያን ሐሙስ ጠሪው ራሱ ሲጠፋ ከተማው ተተራመሰ፤ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ደግሞ ጥፋተኛ ተገኘ! የሰው አፍ መች ሥራ ይፈታል? ሁለቱን ሳጥኖች የሚያገናኘው ገመድ ስፒናው ሥር ለቋል ተባለ፤ ገመዱን የሠራችው የሱቅ ሠራተኛዋ ላስትሪ ናት፤ በቃ፣ አለቀ። የሰፈሩ ፖሊስ አዛዥ ሰኞ ሊያስራት ወስኖ ነበር።

ዋና መርማሪ ቡ ዊናርሲህ ግን መቸኮል አትወድም። ዓርብ ጠዋት የለውዝ ከረጢቷን ይዛ ላስትሪ ወደምትሠራበት የፓክ ሃርጆኖ ሱቅ ገባች። ሱቁ የአንቴና ገመድ፣ ስፒናና ማይክሮፎን የሚሸጥበት፣ ገመድ በትእዛዝ የሚሠራበት ጠባብ ቤት ነው።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች ላስትሪ። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

«ቆይ እንጂ ልጄ! ሰው መጀመሪያ እንደምን አደሩ ይላል።»

«ሠርቼ የገጠምኩት እኔ ነኝ፣ ቡ። ማክሰኞ ቤታቸው ድረስ ወስጄ። በልጅነቴ ሬዲዮ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው! ብየዳዬ ለቆ ነው። ሰኞን አይጠብቁ፣ ዛሬውኑ ይውሰዱኝ።»

«እስር ቤት እንዲህ የሚያስቸኩል ቦታ ሆነ እንዴ? ተቀመጭ። የዚያኑ ዓይነት አንድ ሥሪልኝ፣ ልይሽ።»

ላስትሪ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ የብየዳ ካውያዋን ሰካች። የገመዱን ቆዳ ላጠች፤ ከሥሩ ያለውን የመዳብ ሽሩባ ወደ ኋላ አጥፋ ስፒናው ላይ በየደችው። ከዚያ ጥቁር የጎማ እጅጌ አለበሰችውና እስኪጨማደድ ድረስ አሞቀችው።

«ናስትሮ አትጠቀልይበትም?»

«ናስትሮ ለውጪ ነው፣ ቡ። ለጣሪያ፣ ለምሰሶ፤ ውሃ እንዳይገባ። ቤት ውስጥ ምን ዝናብ አለ?»

«ይህ ሽሩባ ቢቆረጥስ?»

«የኤሌክትሪኩ መመለሻ መንገድ እሱ ነው። ሲቆረጥ የማጉያው ሳጥን ራሱ ገዳይ ይሆናል። ለዚያ ነው ሁለቱን ሳጥኖች የሚያያይዝ ሌላ ሽቦ በዳዶ ያሰርኩት። እሱም አልያዘም ማለት ነው» አለችና እንደገና አለቀሰች።

ዊናርሲህ ለውዟን ከረጢት ውስጥ መለሰች። አንድ ነገር ሲከነክናት መብላት ታቆማለች።

ከሱቁ በቀጥታ ወደ ዋርሲቶ ቤት ሄደች። ገመዱ እንደነበረ ነው። አንዱ ጫፉ ላይ የላስትሪ የጎማ እጅጌ አለ። ሌላው ጫፍ ግን በናስትሮ ተጠቅልሏል፤ ያውም ከታች ወደ ላይ፣ እንደ ጣሪያ ክዳን እየተደራረበ። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ የማጉያውን ጀርባ አየች። ብረቱ በአቧራ ተሸፍኗል፤ ብሎኑ ዙሪያ ብቻ ዳዶ የተቀመጠበት ቦታ ያብለጨልጫል። ሽቦው ተፈቶ ተንጠልጥሏል፤ ዳዶው ከጠረጴዛው ሥር ወድቋል።

«ቡ ሱንደሪ፣ ከማክሰኞ ወዲህ እዚህ ክፍል የገባ ሰው አለ?»

«ረቡዕ ማታ ፓክ ሃርጆኖና ፓክ ሙልዮኖ መጥተው ነበር። የሥጋ ሳቴ ጠብሼላቸው ነበር፤ ሁለቱም በየተራ ገብተው አዲስ ገመድ የተገጠመለትን ማጉያ አይተዋል።» መሐረቧን ጨመደደችው። «እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ። ይህ ሳጥን ተቃጥሎ ባረፍኩ ብዬ ስንቴ ረግሜዋለሁ መሰለሽ!»

«እርግማን ዳዶ አይፈታም፣ እህቴ። ጠብ ነበር?»

«ጠብ እንኳን አልነበረም። ብቻ በሩ ላይ ሲሸኛቸው ለአንዳቸው ‹እሁድ ጠዋት በአየር ላይ አንተው ተናገር፤ አለዚያ እኔ እናገራለሁ› ሲል ሰማሁ። ለየትኛው እንደሆነ አላየሁም።»

የሱቁ ባለቤት ሃርጆኖ ሲጠየቅ ላብ በላብ ሆነ። «ርካሽ ስፒና ነው የሸጥኩለት፣ ቡ! ወዳጄን በርካሽ ስፒና ገደልኩት።» የምሰሶ ሠራተኛው ሙልዮኖ ደግሞ ረጅም፣ ፀሐይ ያጠቆረው፣ ዓይኑን የሚሰብር ሰው ነው። ተራራው አናት ላይ ያለውን የማኅበሩን ማስተላለፊያ የሚጠግነው እሱ ነው። «ረቡዕ ገመዱን በደንብ ባየው ኖሮ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ዛሬ ዋርሲቶ በሕይወት ነበር።»

እንግዲህ ጉድ ነው፤ በዚህች ከተማ ‹እኔ አይደለሁም› የሚል ጠፋ። ዊናርሲህ የምታውቀው ወንጀለኛ ሁሉ ክዶ ነው የሚጀምረው።

ቅዳሜ ተራራው ላይ ወጣች። ባለፈው ክረምት ጎርፍና ናዳ ግርጌው ያለውን መንደር ሲመታ ይህ ማስተላለፊያ ዝም ብሎ ነበር፤ ማስጠንቀቂያው መንደር አልደረሰም፤ ሰው ሞቷል። ሁሉም መብረቅ ነው ብሎ አምኖ ነበር። መርማሪዋ ምሰሶው ላይ ያለውን መገጣጠሚያ ሁሉ አየች። አንድም ሳይቀር፣ ከሚገባው በላይ በአዲስ ናስትሮ ተጠቅልሏል። አንዱን ፈታችው፤ ከሥሩ ያለው መዳብ አረንጓዴ ሆኗል። የቆየ ውሃ ነው።

እሁድ ማለዳ አራቱንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። የሱቁ ሬዲዮ ዝቅ ብሎ ያሾካሽካል። ዊናርሲህ ለሃርጆኖና ለሙልዮኖ ስፒና ያለው ሁለት ሁለት ቁራጭ ገመድ ሰጠቻቸው።

«እስቲ ግጠሙልኝ።»

ሃርጆኖ አሽከርክሮ ገጠመና ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ሙልዮኖም ገጠመ፤ ከዚያ እጁ ራሱ ሄዶ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ናስትሮ አነሣና ከታች ወደ ላይ መጠቅለል ጀመረ። ሁሉም ሲያዩት ድንገት አቆመ።

«ቀጥል እንጂ፣ ፓክ ሙልዮኖ» አለች መርማሪዋ። «ላስትሪ፣ አንቺ ደግሞ ስሚኝ። ብየዳሽ አልለቀቀም። ናስትሮውን አስፈትቼ አየሁት፤ ብየዳሽ ስፒናው ላይ ንክች አላለም። ሽሩባው ከብየዳው በታች፣ ከነጎማው፣ ዙሪያውን በስለት ነው የተቆረጠው። ዳዶሽም በራሱ አልላላም፤ በቺያቤ ተፈቷል። ይህ ስህተት አይደለም፤ ግድያ ነው። ያን ያደረገ ሰው ቁርጡን ለመሸፈን ናስትሮ አነሣ። ለመሸፈን ሁለት ዙር ይበቃው ነበር። እሱ ግን ዝናብ የማያገኘውን ስፒና ለዝናብ አዘጋጀው። እንዲህ የሚያደርገው እድሜውን ምሰሶ ላይ የጨረሰ ሰው ነው። በዚያ ላይ ናስትሮ በሚጣበቅበት በኩል አሻራ ይይዛል፤ ትናንት ማታ ውጤቱ መጣልኝ።»

«ግን ለምን?» አለች ቡ ሱንደሪ። «ሳቴዬን በልቶ! ባሌ እንደ ወንድሙ እያየው!»

«ተራራው ላይ የነበረው መብረቅ አይደለም፤ ውሃ ነው። ከክረምቱ በፊት አንድ መገጣጠሚያ ሳይጠቀለል ቀረ። ዋርሲቶ ይህን ደረሰበት። ‹አንተው ተናገር› ያለው ለሙልዮኖ ነው፤ ቀኑ ደግሞ ዛሬ ነበር።»

ሙልዮኖ አልካደም። የያዘውን ገመድ እያየ ተናገረ።

«ያን ቀን ሊመሽብኝ ሆነ። ነገ እመለሳለሁ ብዬ ክፍቱን ትቼው ወረድኩ፤ አልተመለስኩም። ከዚያ ወዲህ ክፍት መገጣጠሚያ ካየሁ እንቅልፍ የለኝም። የሰው ጣሪያ ላይ ሳይቀር ወጥቼ እጠቀልላለሁ። ረቡዕም… ቆረጥኩት፤ ሸፍኜ ልወጣ ስል እጄ እምቢ አለኝ። እስከ መጨረሻው ጠቀለልኩት።» ፊቱን ወደ ላስትሪ አዞረ። «አንቺ ስታለቅሺ እያየሁ ዝም አልኩ። እሱ ይብሳል።»

ላስትሪ የናስትሮውን ጥቅል ከፊቱ አነሣች። ከሐሙስ ጀምሮ ተቆልፎ የነበረ ትንፋሿ ወጣ፤ ግን ደስታ አልነበረም።

የመጠራሪያው ሰዓት ደረሰ። ሬዲዮው ውስጥ ሰዎች ጠሪ አጥተው ይጠባበቃሉ። ሙልዮኖ ማይክሮፎኑን በዓይኑ ለመነ። ዊናርሲህ ወደ ቡ ሱንደሪ ዞረች፤ ባልቴቷ ‹ይናገር› በሚል ራሷን ነቀነቀች። የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ አድርጋ ማይክሮፎኑን የሰጠችው ላስትሪ ናት።

«ለሚሰማ ሁሉ» አለ ሙልዮኖ። «በናዳው ቀን ማስተላለፊያውን ዝም ያሰኘው መብረቅ አይደለም። እኔ ነኝ። አንድ መገጣጠሚያ ክፍት ትቼ ወረድኩ። ፓክ ዋርሲቶንም ይህን እንዳይናገር የገደልኩት እኔ ነኝ። ላስትሪ ምንም አላጠፋችም።»

ማይክሮፎኑን ለቀቀ። ሬዲዮው ጸጥ አለ። በመጨረሻ ከተራራው ግርጌ መንደር አንድ የሴት ድምፅ መጣ፤ ሬዲዮኞች በየማለዳው ለማንም የሚመልሱትን ቃል ነው የመለሰችው።

«ተሰምቷል» አለች፤ ሌላ ምንም አልጨመረችም።