ሁለት ሰው፣ አንድ ድምፅ

«ሐኪሙና ጥላው አንድ ሰው ናቸው። አለቀ፣ ደቀቀ!» አለ ጓደኞቹ ፕሮፌሰር የሚሉት ልጅ፣ መነጽሩን በጣቱ ወደ ላይ እየገፋ።

ስንጥር ከት ብላ ሳቀች። «ባለፈው ሳምንት ሁለቱ ሲተናነቁ አይተናቸው የለም እንዴ? ሰው ራሱን ነው እንዴ የሚያንቀው?»

«ጥላው ከወደፊቱ ዘመን የተመለሰ ሐኪሙ ራሱ ቢሆንስ?»

«ታዲያ ጠባሳው የት ሄደ? ሐኪሙ በሦስተኛው ክፍል ግራ እጁ ተቃጥሏል። ጥላው ጓንቱን ሲያወልቅ ግን እጁ ላይ የወባ ትንኝ የነከሰችው እንኳ የለም።»

ደረጃው ላይ የተቀመጡት ሁሉ ሳቁ። አርብ አርብ ከትምህርት በኋላ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ እየተሰበሰቡ ስለ «የብረት ምህዋር» መከራከር ከጀመሩ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ተከታታይ ፊልሙ ጠፈር ውስጥ ስለጠፋች አንዲት መርከብ ነው። ሐኪሙ የመርከቧን ሰዎች ያክማል፤ ጥላው የሚባለው ባለጭንብል ደግሞ አንድ በአንድ እያደነ ይገድላቸዋል። ጭንብሉ ሥር ማን እንዳለ እስካሁን የሚያውቅ የለም።

ስንጥር ስሟን ያገኘችው እዚሁ ደረጃ ላይ ነው። «ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» ይባል የለ? እሷ ደግሞ የማትጠረጥረው ነገር የለም። የመርከቧ አዛዥ ሙሉ ብርጭቆ ይዞ በር ገብቶ በጎዶሎ ብርጭቆ ከወጣ፣ በማግስቱ በትምህርት ቤቱ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። «የተያዙ ስህተቶች» የምትለዋ የጋዜጣው ማዕዘን የእሷ ናት። ጋዜጣው የሚለጠፍበትን የመስታወት ሳጥን ቁልፍ አንገቷ ላይ አስራ ነው የምትዞረው፤ በሕይወቷ የእኔ ነው የምትለው የመጀመሪያ ነገር ነው።

«እሺ፣ ጠባሳውን ተዪው» አለ ፕሮፌሰር። «ድምፃቸውስ? ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስሙ። አንድ ነው!»

ይህን ማንም አልካደም። ስንጥር ራሷ ሰምታዋለች።

«ፊልሙ የውጭ ነው» አለች ጥቂት አስባ። «በእኛ ቋንቋ የሚናገሩት ተዋናዮቹ አይደሉም። አንድ ሰው ለሁለቱም ድምፅ እየሰጠ ቢሆንስ?»

«ትልቅ ጣቢያ ሰው አጥቶ? ሙድ አትያዢብኝ አቦ!»

«ሊሆን ይችላል።»

«እንግዲያው ማስረጃ አምጪ። መጨረሻ ላይ የተናጋሪዎቹ ስም ሲወጣ በማስታወቂያ ይቆርጡታል፤ ከየት እንደምታመጪው አያለሁ። እስከ አርብ ካመጣሽ እዚህ ደረጃ ላይ ቆሜ ‹ተሳስቻለሁ› እላለሁ። ካላመጣሽ ቁልፉን ታስረክቢኛለሽ።»

ፕሮፌሰር ያቺን ማዕዘን ሲመኛት ነው የኖረው። ስንጥር እምቢ ልትል ነበር። ግን አፏ ወንፊት የሆነው፣ ሬዲዮ የሚሏት ጓደኛዋ «ተስማምታለች!» ብላ ጮኸች። በቃ፣ ተስማማች።

እሑድ ከሰዓት የሚደገመውን ክፍል ስንጥር ብቻዋን ሆና አየችው። አየችው ማለትም ይከብዳል፤ ትራስ ፊቷ ላይ ደፍታ ነው ያዳመጠችው። ሐኪሙ ጉሮሮውን ሁለት ጊዜ ጠርጎ «ቆይ ቆይ ቆይ፣ የልብ ምቱ ተመልሷል» አለ። ከዚያ በር ሲንሸራተት ተሰማና ጥላው ገባ።

«የት ትደበቂያለሽ? ሽታሽ ነግሮኛል» አለ።

ስንጥር ትራሱን ወርውራ ተነሳች። ይህን ድምፅ የምታውቀው ከቴሌቪዥን አልነበረም። ገና ፊደል ሳትቆጥር ወንድሟ ብርድ ልብሷ ውስጥ ገብቶ ተረት ሲያወራላት፣ ጭራቁ የሚናገረው እንዲህ ነበር። ከጉሮሮ ተነስቶ አፍንጫ ውስጥ የሚያልቅ፣ እያስፈራ የሚያስቅ ድምፅ። ስንት ሌሊት በዚህ ድምፅ ፈርታ ወንድሟን አንቃ ተኝታለች።

«አይሆንም» አለች ለራሷ።

ወንድሟ ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ ማታ ማታ የኤሌክትሪክ ትምህርት ይማራል። ትምህርቱ ደግሞ እንዲሁ የተገኘ አልነበረም። አባታቸው የአውቶቡስ ጋራዥ መካኒክ ነው፤ የጋራዡ ኃላፊ የፕሮፌሰር አባት ነው፤ የማታ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሰው የሚያውቀው እሱ ነው። ለራሱ ፈቃድ እንኳ ጠይቆ የማያውቀው አባታቸው፣ ለልጁ ሲል ባርኔጣውን አውልቆ የኃላፊውን ደጅ ጠንቷል። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጁን በስሙ ጠርቶት አያውቅም፤ «መሐንዲሴ» ነው የሚለው።

ስንጥር ያልጠረጠረቻቸው ነገሮች ተራ በተራ ትዝ አሏት። ከትምህርት ሲመለስ ድምፁ ይሰልላል። ሽቦ ሲያጠና አመሸሁ የሚል ሰው ማር በሙቅ ውኃ ይጠጣል። የመሣሪያ ቦርሳው ዛሬም እንደተገዛ ያብረቀርቃል። የአዛዡን ብርጭቆ ስትቆጣጠር የገዛ ወንድሟ በጎን አምልጧታል። ተናደደች፤ ከንዴቷም ይልቅ ከፋት።

ማታ እራት ላይ አባቷ ራሱ ሳያውቅ ነገሩን አነሳው።

«መሐንዲሴ፣ የማዕድ ቤቱ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። እስቲ ማብሪያ ማጥፊያውን እየው።»

ወንድሟ ጉሮሮውን ሁለት ጊዜ ጠረገ። «ቆይ ቆይ ቆይ... ቴስተሬን ትምህርት ቤት ረስቼው መጣሁ አባዬ።»

«ባለፈው ተሰረቀብኝ አላልክም?» አለች ስንጥር።

«ሌላ ተሰጠኝ።»

«ማን ሰጠህ?»

«መምህሩ ነዋ።»

«የቱ መምህር? ያ ታሞ ቀረ ያልከው?»

«ኧረ ልጁ ይብላበት!» አለች እናቷ። «ቤቱን ፖሊስ ጣቢያ አደረግሽው እኮ!»

አባቷ ትከሻው እስኪነቃነቅ ሳቀ። ወንድሟ አልሳቀም። ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሳ በላ፣ ደግሞም ቶሎ ተነሳ።

በማግስቱ በረንዳ ላይ የደረቀ ልብስ እያወረደ ሳለ አጠገቡ ቆማ መቆንጠጫዎቹን ትቀበለው ጀመር።

«ጥላው እንዴት ነው?» አለችው።

«የቱ ጥላ?»

«ሽታዬ የነገረው።»

የያዘውን ሸሚዝ ቀስ አድርጎ ገመዱ ላይ መለሰው። ከዚያ የተደፋው ሳፋ ላይ ቁጭ አለ። መካድ እንኳ አልሞከረም።

ሁሉንም ነገራት። ገና በመጀመሪያው ወር ሽቦ ሲነካ እጁ እንደሚንቀጠቀጥ፣ መምህሩ ሰው ፊት እንደሳቀበት፣ በዚያው እንደቀረ። አንድ ጓደኛው ስቱዲዮ እንደወሰደው፤ ስቱዲዮ ይባል እንጂ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ የተሰቀለበት ጠባብ ክፍል መሆኑን። የሐኪሙን ድምፅ እንዲሞክር እንደሰጡት፣ የጥላው ተናጋሪ ሥራውን ጥሎ ሲሄድ ያንንም በእሱ ላይ እንደጨመሩበት።

«ሰው አጥተው ነው» አለ ፈገግ ለማለት እየሞከረ።

«አውቄ ነበር! ለፕሮፌሰር እንደዚሁ ብዬዋለሁ!» አለች ስንጥር። ወዲያው ደግሞ ደስታዋ አሳፈራት። «ለአባዬ መቼ ነው የምትነግረው?»

«ይሄ ምዕራፍ ሲያልቅ። እውነቴን ነው እህትዓለም፣ እመኚኝ።»

ለስላሳ፣ የተረጋጋ፣ ሰው የሚያሳምን ድምፅ ነበር። ስንጥር ትክ ብላ አየችው። ሐኪሙም በሽተኞቹን «ትድናለህ፣ እመነኝ» የሚላቸው ልክ እንዲህ አድርጎ ነው። እንዲህ ካላቸው እስካሁን አንድም የዳነ የለም።

«ይሄ የማን ድምፅ ነው?» አለችው።

ገባው። ፊቱ ልውጥ አለ። ሲመልስ ቃላቱ ተጣደፉ፦ «ለማንም እንዳትነግሪ ብቻ። ያ የኃላፊው ልጅ ከሰማ አባቱ ይሰማል። አባዬ ጋራዥ ውስጥ ሰው ሁሉ ፊት ይዋረዳል። እኔን ቢያባርረኝ ይሻላል።»

ስንጥር መቆንጠጫዎቹን ጭኑ ላይ አፍስሳለት ገባች።

አርብ ደረጃው ሞልቶ ነበር። ሬዲዮ ያልነገረችው ሰው የለም ማለት ነው፤ የታችኛው ክፍል ልጆች እንኳ ለማየት መጥተዋል።

«እህስ? ማስረጃ?» አለ ፕሮፌሰር፣ እጁን ዘርግቶ።

ማስረጃው ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። «ወንድሜ ነው» ብትል ያልቃል። ከፈለጉ ራሱን አምጥታ በጥላው ድምፅ እንዲናገር ታደርጋለች፤ ደረጃው በጩኸት ይናጋል፤ ፕሮፌሰርም ቆሞ «ተሳስቻለሁ» ይላል። ይህን ሳምንቱን ሙሉ በልቧ አይታዋለች። አሁን ግን ፕሮፌሰርን ስታየው የታያት አባቱ ነበር፤ ከአባቱ ፊት ደግሞ የገዛ አባቷ፣ ዘይት የነካው ቱታ ለብሶ፣ ባርኔጣውን በሁለት እጁ እንደያዘ።

«የለኝም» አለች።

«ምን?»

«ማስረጃ የለኝም። ተሸንፌያለሁ።»

«ስንጥሯ ወጣች!» ብሎ አንዱ ጮኸ፤ ሳቁ ከላይ እስከ ታች ወረደ። ቁልፉን ከአንገቷ ስታወጣ ክሩ ፀጉሯን ያዘውና ለማላቀቅ ታገለች፤ ይህም አሳቃቸው። ፕሮፌሰር ግን ቁልፉን ተቀብሎ ኪሱ ሲከት እንደጠበቀችው አልፈነደቀም። እንደተጭበረበረ ሰው አያት።

ሬዲዮ እስከ መንገዱ ጫፍ ተከተለቻት። «አንቺ የሆነ ነገር ታውቂያለሽ።»

«ምንም አላውቅም።»

«ሳትከራከሪ? አንቺ? ማሪኝ!»

«ምንም የለም አልኩሽ እኮ። በቃ ድካም ነው።»

ሬዲዮ ጥቂት አየቻትና «እሺ፣ ካልሽ» አለች። አመነቻት። ስንጥርን ያስደነገጣት ይህ ነበር፤ ለልብ ጓደኛዋ ስትዋሽ የመጀመሪያዋ ነው፣ ውሸቱ ደግሞ ምንም ሳይከብዳት ከአፏ ወጣ። ወንድሟም እንዲህ ሳይከብደው ይሆናል የጀመረው ብላ አሰበች። ቁልፉን ስትሰጥ ያልመጣ እንባ ቤቷ በር ላይ ስትደርስ መጣባት።

ረቡዕ ምሽት አዲሱ ክፍል ሲጀምር አባቷ ከሥራ ገብቶ እግሩን ታጥቦ ነበር። «እስቲ ይሄን የምትጨቃጨቁበትን ፊልም ልየው» ብሎ በእሷና በወንድሟ መሐል ተቀመጠ። ወንድሟ ለመነሳት ምክንያት ፈለገ፤ እናታቸው ጎረቤት ሄዳ ስለነበር የሚጠራው እንኳ አልተገኘም።

መርከቧ እየተቃጠለች ነው። ሐኪሙ አንዲት የቆሰለች ልጅ ላይ ጎንበስ ብሎ ያረጋጋታል። አባቷ ወደፊት ተጠግቶ አዳመጠ።

«ይሄ ሐኪም ደህና ሰው ነው» አለ። «ድምፁ ያስታውቃል። እንዲህ ያለ ሰው አይዋሽም። አይደለም እንዴ መሐንዲሴ?»

ወንድሟ የሹራቡን ክር መምዘዝ ጀመረ። ስንጥር በአባቷ ላይ አሻግራ አየችው። አሳዘናት፤ ግን አባቷ ይበልጥ አሳዘናት፣ ዘና ብሎ፣ የልጁን ድምፅ ለልጁ ሲያመሰግን። ሪሞቱን አነሳችና ድምፁን አጠፋችው። ሐኪሙ ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅስ ጀመር።

«ምነው? እያየን እኮ ነው!» አለ አባቷ።

ተነስታ ሪሞቱን ወንድሟ ጉልበት ላይ አስቀመጠችለትና ወደ ጆሮው ጎንበስ አለች። «አንድ ጊዜ ዋሽቼልሃለሁ። ሁለተኛ ግን አልዋሽም።»

ወንድሟ ሪሞቱን አልነካውም። ስንጥር ወደ ማዕድ ቤት ስትገባ ከኋላዋ «አባዬ» ሲል ሰማችው፤ ቀጭን፣ የተሰበረ ድምፅ ነበር፣ ማንም ፊልም ላይ የማያስገባው።

ሌላ ጊዜ ቢሆን በሩ ሥር ቆማ እያንዳንዱን ቃል ትለቅም ነበር። ዛሬ በሩን ዘጋች። ተራዋ ባይሆንም የቆሸሹትን ሳህኖች ወደ ራሷ አቀረበችና፣ ምንም እንዳይሰማት ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈተችው።