የአኻያው ችካል

ጌታ በተወለደ በሺህ ሁለት መቶ ስምንተኛው ዓመት፣ በዐቢይ ጾም፣ በእንግሊዝ አገር ደወል ሁሉ ዝም አለ፤ ንጉሡና የሮማው ፓፓ በአንድ ሊቀ ጳጳስ ሹመት ተጣልተው፣ ፓፓው አገሩን በሙሉ በግዝት አስሮ ነበርና። ቅዳሴ ቀረ፤ ሕፃን ከማጥመቅና የሚሞተውን ከማናዘዝ በቀር ለካህን ሥራ አልተተወለትም፤ ማንም ክርስቲያን በተባረከ መሬት እንዳይቀበር ተከለከለ። ሁለት ጌቶች ተጣልተው ፍዳውን ሬሳ ከፈለ።

የስኬልቢ መንደር ቄስ ኦዝበርት ግዝቱ ከመከር አያልፍም ይል ነበር። በሁለተኛው ዓመት፣ በብርዱ ወራት፣ እኅቱ ጉንኒልድ አልጋ ያዘች፤ እናታቸው በልጅነቱ ስትሞትበት አዝላ ያሳደገችው እርሷ ናት። ከእናታችን አጠገብ አድርገኝ ብላ ለመነችው፤ እርሱም መስቀሉን ጨብጦ ቃል ገባላት። በማግስቱ ዐረፈች።

ባሏ ቱርስታን፣ ባለወፍጮው፣ ሬሳዋን በጋሪ አምጥቶ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆመ። የጎረቤት አጥቢያ ሰዎች፣ የተከለከለው መሬቱ እንጂ ዛፉ አይደለም ብለው፣ የሬሳ ሣጥኑን በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ዛፍ ላይ እየሰቀሉ የግዝቱን መነሣት ይጠብቁ ነበር፤ ቱርስታንም ቢቸግረው ይህንኑ ለመነ። ኦዝበርት ግን ለሹመቱ ሳሳ። ጳጳሱ ከክህነት ይሽረኛል ብሎ የገዛ እኅቱን ከደጅ መለሰ፤ ይህን በኋላ እርሱም አልካደም።

«ከቅጥሩ ውጭ፣ ከቦዩ ዳር ትረፍ» አለ። «ግዝቱ እንደ ተነሣ በገዛ እጄ አውጥቼ ከእናቴ ጎን አሳርፋታለሁ።»

«እሺ አባ፤ እርስዎ ያሉት ይሁን» አለ ቱርስታን። ጋሪውን ወደ ቦዩ እያዞረ ግን አከለ፦ «አዝላ ስታሳድግህ ጳጳስ አላስፈቀደችም።»

ከዚያ ወዲያ አንቱ ብሎት አያውቅም።

ኦዝበርት ለምልክት የአኻያ ችካል ቆርጦ ከራስጌዋ ተከለ፤ ያየ ሁሉ በዚያው ለቀበረው ሟቹ እንዲሁ አደረገ፤ አኻያ ከቦዩ ዳር ሞልቷልና።

መከር መጣ፣ ሄደ። ቱርስታን ወፍጮውን ትቶ አገር ለቀቀ፤ ኦዝበርትም ከኀፍረቱ የተነሣ ወደ ቦዩ ዝር ሳይል ዓመታት አለፉ። ግዝቱ በሰባተኛው ዓመት፣ በሐምሌ፣ ተነሣ፤ ደወሉ ሲደወል ሽማግሌው ሁሉ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ኦዝበርት አካፋውን ይዞ ወረደ። እርጥብ አኻያ ውሃ ካገኘ እንደሚጸድቅ ያገሩ ሰው ማን ያጣዋል? እርሱ ግን ለአንድ መከር ብቻ መስሎት ነበር። ችካሎቹ ሥር ሰደው፣ ከሥራቸውም ሌላ አቆጥቁጠው፣ የቦዩ ዳር ከጫፍ እስከ ጫፍ ደን ሆኗል። ሦስት ቦታ ቆፈረ፤ የማንን አጥንት እንደ ነካ አላወቀም፤ መልሶ አፈር አለበሰው። ከዚያም ተቀምጦ አለቀሰ።

የዘመኑ ጸሐፊዎች የንጉሡንና የፓፓውን እርቅ አሳምረው ጻፉ፤ ስለ ቦዩ አኻያ ግን አንድ መስመር የጻፈ የለም። ኦዝበርት ሊሞት ሲል ከቦዩ ዳር ቅበሩኝ ብሎ ተናዘዘ፤ ተተኪው ቄስ ደግሞ ካህን ባልተባረከ መሬት አይጋደምም ብሎ እንቢ አለ። ወስደው ከእናቱ አጠገብ፣ ለጉንኒልድ ካቆየላት ስፍራ ቀበሩት።