ከኖራው ድንጋይ ወዲህ

ጌታችን በተወለደ በሺህ ስድስት መቶ ሃምሳ አምስት ዓመት፣ የመስከረም ወር ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከምዕራብ የተነሣ ዝናብ በአየርላንድ ዳርቻ ያለችውን የዱንቫሪንን ከተማ ከጧት ጀምሮ ይደበድባት ነበር። ዱንቫሪን በባሕሩና በረግረጉ መካከል እንደ ምላስ የተዘረጋች፣ አንድ መንገድና አንድ የድንጋይ ግንብ ያላት ትንሽ ወደብ ናት፤ በስተ ኋላዋ ከብት የሚውጥ ጥቁር ረግረግ፣ በስተ ፊቷ የባሕር ሰርጥ፣ በሰርጡም አፍ ላይ ሰዎች የባዝራዋ ጀርባ የሚሉት ረጅም የአሸዋ ክምር አለ። ባሕሩ ሲሞላ ባዝራዋ ትሰወራለች፤ ሲሸሽ ጀርባዋን አውጥታ ትተኛለች፤ በጎንና በጎኗ ያለው መተላለፊያም በየክረምቱ ቦታውን ስለሚለውጥ፣ ዐምና በደኅና ያለፈ መርከብ ዘንድሮ በዚያው መንገድ ቢመጣ ሆዱ ተቀድዶ ይቀራል።

በአባቶች ዘመን የእስፓኝ ነጋዴዎች ወይንና ጨው ይዘው እየመጡ፣ ቆዳና የጨው ዓሣ ጭነው ይመለሱ ነበር። ያን ሁሉ ጦርነቱ በላው። ከተማዪቱ ዘጠኝ ወር ተከብባ፣ በረሃብና በወረርሽኝ ግማሽ ሕዝቧን ቀብራ፣ በመጨረሻ ለእንግሊዝ ፓርላማ ጦር በሯን ከፈተች፤ ከጥቂት ዓመት በኋላም አየርላንዳዊ ሁሉ ከባሕር አንድ ማይል ርቆ ይቀመጥ የሚል ዐዋጅ ወጣ። ወታደሮቹ በማይሉ ልክ ነጭ ኖራ የተቀቡ ድንጋዮች ተከሉ፤ ሕዝቡም ላሙን እየነዳ፣ ልጁን እያዘለ፣ ከድንጋዩ ማዶ ወደ ረግረጉ ተሰደደ።

አንድ ሰው ብቻ ቀረ፤ ፌሊም ኦሃሊ። አባቱም አያቱም መርከብ በባዝራዋ ጎን የሚያሳልፉ መንገድ መሪዎች ነበሩ፤ እርሱም የአርባ ስድስት ዓመት ጎልማሳ ሲሆን፣ የውሃውን ቀለም አይቶ የአሸዋውን ጥልቀት የሚናገር በዚያ ዳርቻ ከእርሱ በቀር አልነበረም። ስለዚህ የከተማው ጦር አዛዥ ሻምበል ሕዝቅያስ ቶርን ከግንቡ ምድር ቤት አስቀመጠው፤ እስከ ወደቡ መሄድ ተፈቀደለት፤ የኖራውን ድንጋይ ቢያልፍ ግን ሞት ተፈረደበት። ሌላው ሰው በዐዋጅ ከባሕር ሲከለከል፣ ፌሊም በዐዋጅ ከየብስ ተከለከለ። ሚስቱ ሶራሃና የዘጠኝ ዓመት ልጁ ኑዋላ ከድንጋዩ ማዶ ነበሩ።

በእሑድ እሑድ፣ ዘበኛ ቆሞ እየሰማ፣ ባልና ሚስት በዐሥር እርምጃ ርቀት ይነጋገሩ ዘንድ ሻምበሉ ፈቅዶ ነበር። የዚያን እሑድ ሶራሃ ሻርፗን በራሷ ላይ ጥላ፣ ከዝናቡ ጋር መጣች።

«ከሳህ» አለችው።

«አልከሳሁም፤ ከሩቅ ስለምታዪኝ ነው።»

«ምላስህ ግን አልከሳም።»

«ኑዋላስ?»

«አለችልህ። ትናንት አንድ ጫማዋን ረግረጉ በላባት፤ ተናዳ ሌላውንም ወረወረችለት። ‹ይኸው ጥገብ!› አለችው።»

ፌሊም ሳቀ፤ ሶራሃ ግን አልሳቀችም።

«ስላኒን ወሰዷት» አለች።

ስላኒ መበለት ነበረች፤ ኑዋላን ጨምሮ የዱንቫሪንን ልጆች ሁሉ ያዋለደች አዋላጅ።

«ማን ወሰዳት? ለምን?»

«ወታደሮቹ ናቸዋ! መሬት የላችሁም፣ ዘዋሪ ናችሁ ብለው አርባ ሁለት ሰው ሰብስበዋል። ከነሱ ውስጥ የጎረቤታችን የሞር ሦስቱም ወንዶች ልጆች አሉበት፤ ሞር በር ላይ ወድቃ ስትለምን ነበር። ባርቤዶስ ወደሚባል ሩቅ ደሴት ነው አሉ፤ ሸንኮራ ሊቆርጡ። መርከብ ይመጣል ተብሏል።» ወደ ወደቡ አየች። «ማን እንደሚያስገባው አልጠይቅህም።»

«ሶራሃ...»

«ሰዉ ምን እንደሚልህ ታውቃለህ? የወታደር ውሻ ነው የሚልህ። እኔን ደግሞ የውሻው ሚስት። ከጉድጓዱ ውሃ ስቀዳ ባልዲያቸውን ያነሣሉ።»

«በቃ! ጊዜ አልቋል!» አለ ዘበኛው፤ ሶራሃም ሻርፗን አጥብቃ ሄደች።

በማግሥቱ ሻምበል ቶርን ፌሊምን አስጠራው። ከጠረጴዛው ላይ ካርታ ተዘርግቶ ነበር፤ መሬት ለኪዎች በሰንሰለት እየለኩ፣ እያንዳንዱን እርሻና ጉብታ ለወታደር ሊያከፋፍሉ የነደፉት ነው። የብሱ ሁሉ በስምና በመስመር ተሞልቷል፤ የሰርጡ አፍ ግን ባዶ ነበር።

«ይህን ባዶ አንተ ነህ የምትሞላልኝ ብዬ ዓመት ጠበቅሁህ» አለ ሻምበሉ።

«ዛሬ ብሥለው እስከ ገና አይቆይም፣ ጌታዬ። ባዝራዋ አንድ ቦታ አትታሰርም።»

«አንተ ግን ትታሰራለህ» አለው፤ ቁጣ አልነበረበትም፤ ድካም ነበረበት። «እኔስ ወድጄ የመጣሁ ይመስልሃል? የስድስት ዓመት ደመወዜን በመሬት ከፈሉኝ፤ መሬቱም ይኸው ነው፤ ድንጋይና ዝናብ። ስማኝ። ነገ ‹ምሕረት› የምትባል መርከብ ትመጣለች። አስገባት፤ ሰዎቹን ከጫነች በኋላም በደኅና አስወጣት። ከዚያ ይህ ያንተ ነው።» ማኅተም ያረፈበት ወረቀት አሳየው። ፌሊም ኦሃሊ ከኖራው ድንጋይ ማዶ ወደ ቤተ ሰቡ ይሻገር ዘንድ ተፈቅዶለታል የሚል ነበር።

«እምቢ ብልስ?»

«ከድንጋዩ ማዶ አንዲት ሴትና አንዲት ልጅ አሉ፤ እነሱም መሬት የላቸውም።»

ፌሊም አጎንብሶ ወጣ። መርከቧን በማግሥቱ አስገባት።

አርባ ሁለቱ ሰዎች በሦስተኛው ቀን ማለዳ ተጫኑ። ሦስት ሦስት እየሆኑ እጅ ለእጅ በገመድ ተጣምረው ነበር፤ ፌሊም ከመሪው እንጨት አጠገብ ቆሞ ሲያልፉ አያቸው፤ አንዳንዱ ፊቱን አዞረ፤ ከሞር ልጆች ታናሹ «ሰላም ለአንተ ይሁን፣ ጌታው!» ብሎ በሹፈት ሰገደለት። ስላኒ ግን ቀጥ ብላ አየችው፤ ያም ከሁሉ ይልቅ ከበደው።

ባሕሩ ከሞላበት ሰዓት ጀምሮ የመርከቧ አዛዥ፣ ቀይ ጢም ያለው ችኩል ሰው፣ እንነሣ እንነሣ ይል ነበር። ፌሊም ነፋሱ ይዙር ብሎ አንድ ሰዓት አስቆየው፤ ገመድ ይጥበቅ ብሎ ግማሽ ሰዓት ጨመረበት። በዚያ ጊዜ በልቡ የነበረውን ማንም አላወቀም፤ ምናልባት እርሱም ራሱ ገና አልቈረጠም ነበር። የማኅተሙ ወረቀት በሻምበሉ ጠረጴዛ ላይ ነበረ፤ የሰዎቹም ሳል ከመርከቧ ሆድ በሳንቃው በኩል ከእግሩ ሥር ይሰማው ነበር።

ሦስት ሰዓት ሲሆን መልሕቅ ተነሣ። መርከቧ በሸራዋ ሙሉ ወደ ሰርጡ አፍ ሄደች፤ ውሃው ከሥሯ እየሸሸ ነበር። ፌሊም ጥልቁን አረንጓዴ ውሃ በቀኝ ትቶ፣ አሸዋ የቀረበውን ቡናማ ውሃ መረጠ፤ የመሪውንም እንጨት ቀስ ብሎ ወደ ራሱ ሳበ፤ ‹ምሕረት› ያለ ድንጋጤ፣ ያለ ስብራት፣ ላም እንደምትተኛ ሆና በባዝራዋ ጀርባ ላይ ተቀመጠች።

የመርከቧ አዛዥ እየሮጠ ሲመጣ፣ ፌሊም የመርከበኞቹን የአረቄ ብርሌ ግማሹን ጠጥቶ ግማሹን በደረቱ ላይ አፍስሶ ነበር።

«አንተ እንስሳ! ሰክረሃል!»

«ትንሽ ነው፣ ጌታዬ... ለብርዱ ነው» አለ ፌሊም እየተወላገደ። «ግን ይስሙኝ። ውሃው ገና ይሸሻል፤ ክብደት ካለባት ትጋደማለች፤ ከተጋደመች ወገቧ ይሰበራል። ሰዎቹን ያውርዷቸው። ባሕሩ ሲመለስ ያነሣታል።»

«ቢያመልጡስ?»

«ወዴት? በዚህም ባሕር፣ በዚያም ባሕር።»

አዛዡ ዙሪያውን አየ፤ ግራጫ ውሃ ብቻ ነበር። ሰዎቹ በመሰላል ወደ አሸዋው ወረዱ፤ ዐሥራ ሁለት መርከበኞችም መርከቧ እንዳትጋደም ግንድ በጎኗ ሊደግፉ ተሯሯጡ፤ ለጥበቃ የቀሩት ሁለት ጠመንጃ የያዙ ብቻ ነበሩ።

ፌሊም እየተንገዳገደ ወደ ስላኒ ተጠጋ።

«እማማ ስላኒ» አላት በአገራቸው ቋንቋ።

«እማማ አትበለኝ!»

«እንደዚህ ይቈጡኝ። ጮክ ብለው ይስደቡኝ፤ እየሰደቡኝ ይስሙኝ።»

አሮጊቷ አንድ ጊዜ ዐይኑን አየችው፤ አልሰከረም ነበር።

«አንተ ውሻ!» ብላ ጮኸች። «በእነዚህ እጆች ልጅህን ያወጣሁልህ! ቀኑ ይጥፋ!»

መርከበኞቹ ሳቁ።

«በሰሜን በኩል፣ የብሱ ዳር ያለው ጥቁሩ ቋጥኝ ይታይዎታል? ከአንድ ሰዓት በኋላ ከዚህ እስከዚያ በእግር ይኬዳል። ዛሬ ባሕሩ ከሁልጊዜው ይልቅ ይሸሻል። ውሃው ከወገብ አያልፍም። ቋጥኙን ብቻ እያዩ፤ ወደ ግራ አንድ እርምጃ እንዳይሉ፤ ግራው ጥልቅ ነው።»

«ባንዳ! ሆዳም!» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ጠመንጃዎቹስ?»

«ዝናቡ ሲወፍር አያዩም፤ ባሩዱም ይረጥባል። ያን ጊዜ ሂዱ።»

«አንተስ?»

«እኔ ከሄድኩ ሶራሃንና ኑዋላን ነው የሚይዙት። እኔ ሰካራም ነኝ። ለማንም፣ ለሶራሃም ቢሆን አይንገሩ። ከተሰማ እኔንም እነሱንም ያጠፉናል።»

«እስክሞት ድረስ» አለችና ለሚያዩት ሰዎች ስትል ምራቋን ፊቱ ላይ ተፋችበት።

ዝናቡ ከቀትር በኋላ ወፈረ። ቋጥኙ እስኪደበዝዝ ድረስ ሆነ፤ ጠመንጃ ያዦቹም ከመርከቧ ጎን ተጠለሉ። ፌሊም በአሸዋው ላይ ተጋድሞ እንደ ተኛ ሰው እያንኮራፋ፣ በአንድ ዐይኑ አየ፤ ስላኒ ስትነሣ፣ ሌሎቹ ከኋላዋ ሦስት ሦስት ሆነው ሲሰለፉ፣ ውሃው ጉልበታቸውን፣ ከዚያም ወገባቸውን ሲይዝ። ማንም አልጮኸም። ጩኸት የመጣው በመጨረሻ ነበር። የሞር ሦስት ልጆች፣ እርስ በርሳቸው ተጣምረው ከሁሉ በኋላ የሄዱት፣ በዝናቡ ቋጥኙ ጠፋባቸውና ወደ ግራ ወጡ፤ አንዱ ሲሰምጥ ገመዱ ሁለቱን ይዟቸው ሄደ። ፌሊም ሊነሣ ብሎ ጉልበቱን አጠፈ፤ ከተነሣ ግን ስካሩ ሐሰት መሆኑ ይታወቃል፤ ሌሎቹም ገና ውሃ ውስጥ ነበሩ። በአሸዋው ውስጥ ጣቶቹን ቀበረና ተኛ።

መርከበኞቹ ጩኸቱን ሰምተው ሲተኩሱ ባሩዱ አልነደደም። ሠላሳ ዘጠኝ ሰው ከዝናቡ ማዶ ረግረጉን አቋርጦ ወደ ተራራ ገባ።

ሻምበል ቶርን የዚያን ቀን ማምሻውን ፌሊምን ከፊቱ አስቆመው፤ ተጠግቶም አሸተተው።

«ሰክረህ ነው ወይስ ሰካራም መስለህ ልታታልለኝ ነው?»

«ሰክሬ ነው፣ ጌታዬ።»

«ብሰቅልህ ደስ ባለኝ። ግን መርከቧን ከአሸዋው ማን ያወጣታል?» ወረቀቱን አንሥቶ በአራት ቀደደው። «ሠላሳ ጅራፍ ትገረፋለህ። የእሑዱም ነገር ቀርቷል።»

ፌሊም ጀርባው ቈስሎ፣ በሦስተኛው ቀን ባዶዋን ‹ምሕረት› በባዝራዋ ጎን አሳልፎ ሰደዳት። ከዚያ ወዲህ አምስት ዓመት በግንቡ ምድር ቤት ኖረ። በመስኮቱ ባሕሩ ይታየዋል፤ የኖራው ድንጋይ ግን አይታይም። ሶራሃ በመጀመሪያዎቹ እሑዶች እየመጣች እንደምትቆም ዘበኛው ነገረው፤ በኋላ ግን ስለ እርሷ የሚነግረው አጣ።

ፓርላማው ያሰደደው የእንግሊዝ ንጉሥ ወደ ለንደን በተመለሰ ጊዜ፣ በሺህ ስድስት መቶ ስድሳ ዓመት፣ የዱንቫሪን ጦር ሳስቶ ዐዋጁን የሚያስከብር ጠፋ፤ ሻምበል ቶርንም መሬቱን ትቶ ወደ አገሩ ሄደ። ፌሊም አንድ ቀን ጧት ከግንቡ ወጥቶ ተራመደ፤ ማንም ቁም አላለውም። ሶራሃን በረግረጉ ዳር በአንዲት የሣር ጎጆ አገኛት፤ ፀጉሯ ሸብቶ ነበር፤ ኑዋላ ደግሞ ዐሥራ አራት ዓመት ሞልቷት፣ ይህን ሽማግሌ እያየች ወደ እናቷ ተጠጋች።

ለሶራሃ ሁሉን ነገራት። ስላኒ ባመለጡበት ዓመት ክረምት በተራራ ላይ በንዳድ ሞታ ነበር፤ የማለችውንም ጠብቃ ሞተች። የተረፉትም ሰዎች የሚያወሩት፣ አሮጊቷ በእግዚአብሔር ተመርታ መንገድ አገኘችላቸው፤ ፌሊም የሚባለው ሰካራም ግን መርከቧን አጋጭቶ ሦስት ወንድማማቾችን አስበላ እያሉ ነበር።

ሶራሃ ተነሣች።

«አሁኑኑ ወጥቼ ለሰዉ እነግራለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ አንገቴን ደፍቼ ነው የኖርኩት!»

«ተይው።»

«ለምን እተወዋለሁ? ማንን ፈርተህ?»

«ሞር አለች አይደል?»

«አለች።»

«ለእሷ ምን ልበላት? ልጆችሽን የጨረስኳቸው ሰክሬ ሳይሆን አስቤበት ነው ልበላት? ሲሰምጡ ተኝቼ አየሁ ልበላት?»

ሶራሃ ተመልሳ ተቀመጠች፤ ከዚያም እጁን ያዘች፤ ስለዚያም ነገር ዳግመኛ አልተነጋገሩም።

ፌሊም ኦሃሊ ከዚያ በኋላ ዐሥራ አንድ ዓመት ኖረ፤ ሬሳውን የተሸከሙት አራት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ከአራቱም ሁለቱ ከሌላ መንደር የመጡ ነበሩ። በጦሩ መዝገብ ላይ ስለ እርሱ ተጽፎ የቀረው አንድ መስመር ነው፤ ‹ምሕረት› የተባለችው መርከብ በመንገድ መሪው ስካር አሸዋ ላይ ወጣች፤ ሦስት ሞተው ሠላሳ ዘጠኝ አመለጡ ይላል። ጸሐፊው የመንገድ መሪውን ስም አልጻፈም። በዚያ ቀን ውሃውን በእግራቸው ከተሻገሩት የተወለዱ ልጆችና የልጅ ልጆች አውራጃውን ሞልተውታል፤ የስላኒንም ነፍስ በጸሎት ያስባሉ። የፌሊም መቃብር የት እንደ ሆነ የጠየቃቸው ሰው ካለ ግን፣ «ያ የወታደሮቹ ሰውዬ?» ይላሉ፤ ቦታውንም የሚያውቅ የለም።