ወደ ጎን የዞረው አፈሙዝ

ሐምዱ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ባለው ሱቁ ወለል ላይ ሞቶ ሲገኝ ማንም አልጮኸም። በዚያ ዘመን የሚያስገርመው ሰው መሞቱ ሳይሆን በገዛ ሱቁ ውስጥ መሞቱ ነበር። ጎረቤቶቹ በበሩ አሻግረው አዩ፤ ከንፈራቸውን መጠጥ አደረጉና ወደየሸቀጣቸው ተመለሱ።

መቶ አለቃ ሙሉብርሃን ከፖሊስ ምርመራ ክፍል ሲደርስ ሬሳው ተነሥቷል። የቀረው ጠርዙ በደም የቆሸሸ የብረት ሞርሳና ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠ፣ ክንድ የሚያህል ታንክ ነው። ሐምዱ ጋራዦች የሚሠሩበትን ሬዚን፣ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ የሚጠነክረውን ፈሳሽ፣ ከማድረቂያው ጋር እየቀላቀለ፣ ክፍሎቹን አንድ በአንድ በቅርጽ እያወጣ የገጣጠመው ነው። ያዘዘው ቀበሌው ነው፤ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል።

«ምን ያስመረምራል? ነገሩ ያለቀ ነው» አለ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ሀብተ ወልድ። ይህ ሰው ተቀምጦ ሲያወራ እንኳ መድረክ ላይ የቆመ ይመስለዋል። «ገዳዩ ሱቁን የሚጋራው ሙነወር ነው። ከሱ ሌላ ማን አብሮት ነበር? ደግሞ ይመልከቱ! የታንኩ ጉልላት እየዞረ በአፈሙዙ ለክብር እንግዶች ሰላምታ እንዲሰጥ ነበር ያዘዝነው። ገድሎ ሲያበቃ በሬዚን አጣብቆታል። አሻጥር ነው! ማታውኑ ለሚመለከተው ክፍል እናስረክበዋለን።»

ለሚመለከተው ክፍል ተረክቦ ወደ መርካቶ የተመለሰ ሰው የለም። ሙሉብርሃን ይህን ያውቃል፤ እያወቀም ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ምንም አይሰማውም ነበር። አጎንብሶ ታንኩን ተመለከተ። ከጉልላቱ ሥር አንዲት የደም ጠብታ አለች፤ እንደ መስታወት የሚያሳየው ሬዚን ከላይዋ ፈስሶ ሸፍኗታል። አፈሙዙም ፊት ለፊት አያይም። ወደ ጎን ዞር ብሎ እንደዚያው ደርቋል።

ሙነወርን ከቀበሌው እስር ቤት አስመጣው። እጁ የፊጥኝ ታስሯል።

«ከሐምዱ ጋር መቼ ተለያያችሁ?»

«ትናንት ለመግሪብ ሶላት ስወጣ። የሾፌሩን ክዳን ገና ገጥሞ መጨረሱ ነበር።»

«የቷን?»

«ከፊት ያለችውን፣ ሾፌሩ የሚወጣባትን። በማጠፊያ ትከፈታለች። እስከ ትናንት ድረስ ቦታዋ ባዶ ነበር። እንደገጠማት ጉልላቱን ያዞራል፣ ክዳኗን ይሞክራል፤ ያዞራል፣ ይሞክራል። ባናግረው አይሰማኝም።»

«ጉልላቱን ለምን አጣበቅከው?»

«እኔ? እንዲዞር ዘንጉን ስሞርድ የከረምኩት እኔ አይደለሁ እንዴ?»

የሟቹ ሚስት ጠሂራ አላለቀሰችም። «ለቅሶዬን በልጄ ጨርሻለሁ» አለች። አንድ ልጃቸው ጁነዲን ታንክ ነጂ ሆኖ ጅጅጋ አካባቢ ሞቷል።

«እንዴት እንደሞተ ያውቃሉ፣ እትዬ ጠሂራ?»

«የታንኩ አዛዥ የነበረው ፈለቀ ነግሮናል። ጥይት መትቶት ወዲያው አረፈ፣ አልተሠቃየም አለን። በዚያች ቃል ነው እስከ ዛሬ የኖርነው።»

ፈለቀ የቀበሌው ጀግና ነው። በበዓሉ ዕለት ሜዳዩን ደርድሮ ከታንኩ ጎን ሊቆም ታጭቷል።

«የታንኩን አሠራር ለሐምዱ እየመጣሁ አስረዳው ነበር» አለ። «የመጨረሻ ጊዜ የመጣሁት እሑድ ነው። ከዚያ ወዲህ እሱንም ሥራውንም አላየሁም።»

«ሥራው እንዴት ነበር?»

«ግሩም! የሾፌሩን ክዳን እንኳ በማጠፊያ ነው የሠራት።»

ሙሉብርሃን አመስግኖ ሸኘው። ከሰዓት በኋላ ግን ሁሉንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰባቸው።

«ደሙ ያለው ከሬዚኑ ሥር ነው» ብሎ ጀመረ። «ስለዚህ ጉልላቱ የተጣበቀው ሐምዱ ከወደቀ በኋላ ነው፤ ያጣበቀውም ገዳዩ ነው። አሻጥረኛ ቢሆን ኖሮ ሰብሮት ይሄድ ነበር። ይሄ ሰው ግን አፈሙዙን ወደ ጎን አዙሮ፣ ተጠንቅቆ ነው ያጣበቀው። ለምን?»

መሮና መዶሻ አነሣ።

«የሕዝብ ንብረት ነው!» ብሎ ጮኸ ሀብተ ወልድ።

ጉልላቱ ተላቀቀ። ሙሉብርሃን አፈሙዙን ፊት ለፊት መልሶ ዝቅ አደረገው። «እትዬ ጠሂራ፣ ያቺን ክዳን ይክፈቱልኝ።»

ጠሂራ በጥፍሯ ፈለቀቀቻት። ክዳኗ ትንሽ ተነሥታ አፈሙዙ ላይ ቆመች። «አትከፈትም» አለች።

«ሐምዱ ትናንት ያየው ይህንን ነው። አፈሙዙ ከላይ ከሆነ ሾፌሩ አይወጣም። ይህን አይቶ ሊጠይቀው የሚችለው ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ የልጁ አዛዥ። ጓድ ፈለቀ፣ ከእሑድ ወዲህ ታንኩን አላየሁም ብለኸኛል። ክዳኗ የተገጠመችው ግን ትናንት ነው። ማጠፊያዋን የት አየሃት?»

የፈለቀ ዓይን ክዳኗ ላይ ነበር። እጁን ዘረጋና አፈሙዙን በአንድ ጣቱ ቀስ አድርጎ ወደ ጎን ገፋው። ሁሉም አዩት። ያን ጊዜ እሱም እጁን አየ።

«ታንኩ ሲነድ ዘልዬ ወረድኩ» አለ ድምፁን ሳይቀይር። «ለጁነዲን አፈሙዙን አዙሬለት መውረድ ነበረብኝ። አላዞርኩም። ሐምዱ ትናንት አስጠርቶ እንደዚህ አሳየኝ። በበዓሉ ቀን በሕዝብ ፊት እጠይቅሃለሁ ሲለኝ ገፋሁት፤ ሞርሳው ላይ ወደቀ። ልወጣ ስል ክዳኗን እንደተዘጋች አየኋት። ትቻት መሄድ አቃተኝ፤ አፈሙዙን ወደ ጎን አዙሬ፣ ተመልሶ እንዳይዘጋባት አጣበቅኩት።»

ሙሉብርሃን የሙነወርን እጅ ራሱ ፈታው።

«ታዲያ አሁን ለበዓሉ ይደርሳል?» አለ ሀብተ ወልድ ታንኩን እያየ።

ጠሂራ ወደ ፈለቀ ዞረች። «ጥይት አልመታውም ማለት ነው?»

«አልመታውም።»

«አንኳኳ?»

«አንኳኳ። ስሜንም ጠራ።»

ጠሂራ ራሷን ነቀነቀች፤ ለቅሶ ግን አልመጣላትም። ሻሿን አጥብቃ ተነሣች።

«ሙነወር፣ ና እንሂድ» አለች። «መስጊድ እየጠበቁን ነው። ዛሬ የምንቀብረው አባትና ልጅን ነው።»