ከብረቱ ጀርባ

«ማንም እንዳይወርድ! ሁለት ደቂቃ ናት፤ አሁን ትነሳለች።»

አባቷ ይህን ሲል ሦስተኛ ጊዜው ነበር። ሞተሩ ሁለቴ አስነጥሶ ጠፍቷል፣ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ይወጣል፣ መኪናዋም ግማሽ ጎኗን አውራ ጎዳናው ላይ ትታ ቆማለች። አንድ የጭነት መኪና ክላክሱን እያንባረቀ ታክኳቸው ሲያልፍ ወንበሩ ተንቀጠቀጠ። ከኋላ ወንበር ላይ አጠገቧ የተኛችው የስድስት ዓመት እህቷ ሚጣ ብንን ብላ እጇን ያዘቻት።

አባትየው የመንጃ ፈቃድ አሠልጣኝ ነው። ያውም ስመ ጥር! በከተማው መሪ ከጨበጠው ሰው ግማሹ የእሱ ተማሪ ነው፤ ቢያንስ እሱ እንደዚያ ይላል። ታዲያ መኪናዋ ስትቆም መጀመሪያ የሠራው ሥራ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ጣሪያው ላይ ያለውን «ተለማማጅ» የሚል ሰሌዳ ነቅሎ ወንበር ሥር ደበቀ። አራቱን ፍሬቻ እንኳ አላበራም። ተማሪዎቹ እንዳያዩት! ትልቋን ልጁን ያንጨረጨራት ይኸው ነው።

«አባዬ፣ እንውረድ።»

«ጠበቃዋ ደግሞ ጀመረች» አለ፣ መፍቻውን ይዞ እየወረደ። ክርክር ስለምትወድ ያወጣላት ስም ነው።

«ክፍል ውስጥ ምንድን ነው የምትላቸው? ‹መኪና ይተካል፤ መጀመሪያ ሰው ይውረድ› አይደል? ፈተናቸውን የማርምልህ እኔ ነኝ። ይህን የሳተውን ሁሉ በቀይ ነው ያሰመርኩበት።»

«እኔን ልታስተምሪኝ ነው? ዝም በይ!»

 ወደ ፊት ተንጠራርታ አራቱን ፍሬቻ አበራች፣ ሚጣን በቀኝ በኩል ባለው በር አወረደቻት፣ ከመንገዱ ዳር ያለውን መከላከያ ብረት አሻግራት ራሷም ዘለለች። ከዚያ በብረቱ ጀርባ እየሄዱ ከመኪናዋ ራቅ አሉ።

«አንቺ! መልሺያት! በብርድ ልታስመቻት ነው?»

«ብርዱ ይሻላታል!»

በአባቷ ላይ ጮኻ አታውቅም። ቢሆንም አልተመለሰችም። ስልኳን አወጣች። «ለጋራዡ ልደውል ነው።»

«እንዳታደርጊው! ያ ሜካኒክ ዓመት ሙሉ መሳለቂያ ያደርገኛል። ከደወልሽ ከእኔ ጋር መነጋገር የለም!»

የምሩን ነው። ባለፈው ታላቅ ወንድሟን ሁለት ሳምንት አኩርፎታል። ከአባቷ ጋር ሳትስቅ የዋለችበት ቀን የለም።

«ይሳቅብህ! እያለቀሰ ከሚቀብርህ እየሳቀ ቢጎትትህ ይሻላል!»

ደወለች። ሜካኒኩ ወዲያው አነሳው።

«መኪና ተበላሽቶብን ነው። ከድልድዩ ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ወደ ከተማ መግቢያው።»

«ማን ልበል?»

አባቷ አንገቱን ከኮፈኑ ሥር አውጥቶ በዓይኑ ለመናት። ቢቆጣት ይቀላት ነበር።

«የመንጃ ፈቃድ አሠልጣኙ ልጅ ነኝ» አለች፣ እሱም እንዲሰማ ጮክ ብላ።

«ውይ! ሰው ደህና ነው? መኪናው ውስጥ ናችሁ እንዴ?»

«ሁለታችን ከብረቱ ጀርባ ነን።»

ሌላ ከባድ መኪና እየተምዘገዘገ አለፈ። ነፋሱ የአባቷን ሸሚዝ ከጀርባው ገለበው፤ እሱም ኮፈኑን ጨብጦ ቀረ። ዓይኗን ከእሱ ላይ አልነቀለችም።

«አባዬ፣ ሌላ ከባድ መኪና እየመጣ ነው» አለች፤ ስልኩንም ሳትዘጋ ወደ እሱ ተጠግታ በብረቱ ላይ እጇን ዘረጋችለት።