ሦስት መቶ አርባ አንደኛው ዘንባባ

ይመር ሜትሩን ለዚህ ሥራ ከኪሱ ማውጣት ከተወ ዓመታት አልፈዋል። መሥሪያ ቤቱ እያንዳንዱ ዘንባባ ከመሬት አንድ ሜትር ከሠላሳ ላይ ቁጥር ያለው ቆርቆሮ እንዲመታበት ያዛል፤ ያ ከፍታ ደግሞ ልክ የይመር ካኪ ሸሚዝ ሁለተኛ ቁልፍ ነው። ግንዱን ተጠግቶ ይቆማል፣ ቁልፉ ባረፈበት ላይ ሚስማሩን ይመታል፣ የግንዱን ውፍረት ለክቶ ይጽፋል። በዚህ የአፋር በረሃ ወንዝ ዳር የበቀለውን፣ ያደገውንና የሞተውን ዘንባባ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የመዘገበው እንዲህ በደረቱ ነው። ሸሚዙ አልቆ በሌላ ይተካል እንጂ ደረቱ ተሳስቶ አያውቅም።

ይህ የመጨረሻው ቆጠራ ነበር። ቅዳሜ መኪናው ይመጣል፤ ከዚያ ጡረታ፣ ከዚያ ደሴ። ደሴ ላይ ሚስቱ ሰዓዳ እሱ ከዐሥር ቀን በላይ ሰንብቶበት የማያውቀውን ቤት ይዛ ትጠብቀዋለች። በስልክ «ዘንድሮም ካልመጣህ ዘንባባህን አግባ» ብላዋለች። አብሯት ሳቀ፤ ግን ስትቀልድና ስትቆርጥ ለይቶ ያውቃታል።

ረቡዕ ረፋድ ላይ ቁጥር ሦስት መቶ ዐሥራ ሰባት አጠገብ ሲቆም ቆርቆሮው ከሸሚዙ ኮሌታ ትይዩ ሆኖ አገኘው። ዘንባባ የሚረዝመው ከጫፉ ነው፤ ዛፉ ሰማይ ቢነካ ግንዱ ላይ የተመታ ሚስማር ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ጎርፍ አፈሩን ጠርጎት ይሆናል ብሎ የዛፉን ሥር አየ፤ ሥሩ አልተገለጠም። ዐሥራ ስምንትም ከኮሌታው፣ ዐሥራ ዘጠኝም ከኮሌታው። ጫማው ውስጥ የገባውን አሸዋ አራግፎ፣ ሙቀቱ ነው ብሎ ራሱን አጽናና።

ድምፁን የሰማው ያን ጊዜ ነው። ቀትር ላይ ነፋስ የለም፣ ቅጠሎቹ ቀጥ ብለዋል፣ ከጥላቸው ሥር ያለው ጨለማ እርጥብ ሥር ሥር ይሸታል፤ እዚያ ውስጥ ከበስተኋላው የደረቀ ቅጠል በደረቀ ቅጠል ላይ ሲፋተግ ሰማ። ዞረ፤ ማንም የለም። ሲሄድ ተከተለው። ትንፋሹን ውጦ ሲያዳምጥ ቀጥ አለ፣ ሲተነፍስ ቀጠለ። ይመር በሃያ ሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ዛፎቹን ፈራ።

ሐሙስ ሁመድ መጣ። ሁመድ በአካባቢው ፍየል የሚያረባ ሽማግሌ ነው፤ አፋር ከአፋር ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን ሁሉ ሳይነጋገር አይተላለፍም፣ ይህንንም ዳጉ ይሉታል። ለይመርም ከጓደኝነታቸው የተነሣ ይህን ክብር አይነፍገውም። የወለደችውን ግመል፣ ከተራራው ማዶ የጣለውን ዝናብ ነገረውና በመጨረሻ ዘንባባው ሦስት መቶ አርባ አንድ መድረሱን አከለበት።

«አርባ ነው እንጂ፤ ትናንት ጨረስኩ» አለ ይመር።

ሁመድ ዓይኑን ወደ ይመር ጫማ አወረደ። «አዲሱን አልቆጠርከውም።»

«የቱ ጋ ነው?»

«አይታይም። ገና እየወረደ ነው።»

ይመር ነገሩ ገብቶታል። የዚህ ዘንባባ ፍሬ ሲበቅል መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ታች ነው፤ እርጥበት እስኪያገኝ ድረስ በአሸዋው ውስጥ ይወርዳል፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ላይ ቅጠል የሚያወጣው። ያልገባው ሁመድ ሲሰናበተው እጁን ለረጅም ጊዜ ይዞ የቆየበት ምክንያት ነው።

ዓርብ ቆጠራውን ሊያረጋግጥ ደግሞ ሲዞር ቆርቆሮዎቹ ከዓይኑ ትይዩ ነበሩ። ከእያንዳንዱ ዛፍ ለመለየት እግሩን በሁለት እጁ መጎተት ነበረበት፤ ወንዙ ከሥር ሰርጎ ገብቶ ይሆናል አለ። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ፣ ፍርሃቱም በየሰበቡ እያዘናጋ ወሰደው። ማታ የማደሪያውን በር ዘግቶ የብረት አልጋው ላይ ወጣ፤ አንድ ሌሊት ብቻ ነው የቀረኝ እያለ እግሩን መሬት ላለማስነካት ወደ ሆዱ ሰብስቦ ተኛ።

ቅዳሜ የነቃው ቆሞ ነው። ነግቷል፤ ያለው ከመጨረሻው ዘንባባ፣ ከሦስት መቶ አርባኛው አጠገብ ነው፤ ቆርቆሮው ከራሱ በላይ ያበራል። ሜትሩን አወጣ፣ አንዱን ጫፍ ቆርቆሮው ላይ፣ ሌላውን አሸዋው ላይ አደረገ። ልክ አንድ ሜትር ከሠላሳ። ዛፉ ከቦታው አልተነቃነቀም። ያን ጊዜ ወደ ታች አየ፤ ጉልበቱን ፈለገ፣ አላገኘውም።

ከሥር፣ እግሮቹ ባሉበት፣ ቀዝቃዛ ውሃ ነበር። ከሁሉ ያስፈራው መጠማቱ ነው።

ከዛፎቹ ማዶ የመኪና ክላክስ ጮኸ። «ጋሽ ይመር!» ሲል የሾፌሩ ድምፅ ተሰማ። ሁመድ ፍየሎቹን እየነዳ በአጠገቡ አለፈ፤ ሰላም አላለውም፣ ዳጉም አልነገረውም። አንዲት ፍየል ቆም ብላ የይመርን ትንሽ ጣት አሸተተች፣ ከዚያ ማኘክ ጀመረች፤ አላመመውም። ሰዓዳን አሰበ፣ የደሴውን ቤት በር አሰበ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ «እዚህ ነኝ» ለማለት አፉን ከፈተ። ሳምንቱን ሙሉ ሲከተለው የሰነበተው የደረቀ ቅጠል ድምፅ ከገዛ ጉሮሮው ወጣ።

ሾፌሩ ሰማው፤ ቀና ብሎ ወደ ዛፎቹ ተመለከተና «ነፋስ ሊነሣ ነው» ብሎ የመኪናውን መስኮት ዘጋ።